ከማሽኑ በፊት ብረቱና መብራቱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ አረካን አቋርጦ ያልፋል። መንገድ ያለበት ከተማ ተሽከርካሪ አያጣም፤ ተሽከርካሪ ባለበትም የተበሳ ማርሚታ፣ የዛገ ፓራፋንጎ፣ ከመጋጠሚያው የለቀቀ የባጃጅ ቱቦ ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በእጅ ያለው አሮጌ መኪና እንግዲህ እየተጠገነ የሚኖር ንብረት ሆኗል። ለዚህም ነው ግቢ ያለው፣ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ ባለመኪና «የራሴ የብየዳ ማሽን ቢኖረኝ» ብሎ ማሰብ የሚጀምረው። የመኪናው ጥገና ሲያልቅ በር፣ መስኮት፣ የአህያ ጋሪ፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ ይሠራበታል።

ሱቅ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አምፔር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን 250 ወይም 300 ያነብለታል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማሽኑ የተሻለ ይመስላል። ይህ ጥያቄ በቅደም ተከተል ሦስተኛ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው «አብዛኛውን ጊዜ የምበይደው ብረት ውፍረቱ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ግቢዬ የሚገባው መብራት ምን ያህል ይሸከማል?» የሚለው ነው። ለሁለቱ መልስ ያለው ሰው ምርጫው በሁለት ወይም በሦስት ማሽኖች መካከል ይሆንለታል።

ብዙዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት በመብራቱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ወላይታ በኃይል ምንጭ አትታማም። በወላይታና በዳውሮ አዋሳኝ በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ወደ ኬንያ የሚዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሳው ከወላይታ ሶዶ ነው። ነገር ግን ከዚያ ታላቅ መስመር እስከ እርስዎ ሶኬት ድረስ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ ለምሰሶ የተዘረጋ ሽቦ፣ ቆጣሪና ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቀጭን ገመድ አለ። በተለይ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ሽቦው በረዘመና በቀጠነ ቁጥር፣ ጎረቤቱም በበዛ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ100 አምፔር ሲበየድ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ወደ 24 ቮልት ይኖራል። ይህም 2.4 ኪሎ ዋት ነው። ማሽኑ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት፣ ኢንቨርተር ከሚባሉት ቀላል ማሽኖች ርካሾቹም ከሚሠሩት ሥራ በላይ ኮረንት ስለሚስቡ፣ ከ220 ቮልት መስመር የሚወሰደው 18 አምፔር ገደማ ይሆናል። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ደግሞ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። የሶኬት መጥቆርና የስፒና መቅለጥ ምንጩ ይኸው ነው። ስለዚህ ለብየዳ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከርና ደህና የመሬት ሽቦ ያለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ መስመር ፈቃድ ባለው ባለሙያ ያስዘርጉ። ማሽኑን ከጓሮ እስከ መንገድ ዳር በኤክስቴንሽን የሚጎትቱ ከሆነም የገመዱን ውፍረት ችላ አይበሉ። 30 ሜትር የሆነ የ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ በ18 አምፔር ከ12 ቮልት በላይ ይበላል፤ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሲሆን የሚበላው ከ5 ቮልት በታች ነው። ኤክስቴንሽኑ በጥቅልል እንዳለ ከተሠራበት ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱ ይቀልጣል።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀላል ፍተሻ ያድርጉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ ከትንሽ የብየዳ ማሽን ጋር ተቀራራቢ ነው። ምጣዱን ለኩሰው ሌላ ሶኬት ላይ በቴስተር ቮልቴጁን ይለኩ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ሁሉም ሰው እራት በሚሠራበት ሰዓት ይድገሙት። ብዙ ኢንቨርተሮች ከ220 ቮልት 15 በመቶ ቢወርድ ይታገሳሉ፤ ይህ ማለት እስከ 187 ድረስ ነው። ምጣዱ ሲነድ 190 እና ከዚያ በታች የሚያነቡ ከሆነ ትልቅ ማሽን መግዛት ምንም አይፈይድም። ከ160 ቮልት ጀምሮ እንዲሠራ የተሠራ ሞዴል መኖሩን ይጠይቁ፤ ሥራዎንም መብራቱ ወደሚጠነክርበት ሰዓት ያዙሩ። ምጣድና ብየዳ በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ ይህን ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ በጀነሬተር እሠራለሁ የሚል ሰው ከፍታውንም ያስብ። አረካ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት። የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ተብሎ የተሸጠ ጀነሬተር እዚህ ከአራት ብዙም አይበልጥ። ለ100 አምፔር ብየዳ ከ6 በታች ባይገዙ እመክራለሁ።

ወደ ብረቱ እንሂድ። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚበየዱ ብረቶች ውፍረታቸው በጣም ይራራቃል። የቤት አውቶሞቢል አካል ላሜራ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የበርና የመስኮት ቱቦላሬ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጋሪ አንግል፣ የፒክአፕ መከላከያና የጭነት ሳጥን ማቀፊያ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው። ለሦስቱም እኩል የሚሆን አንድ ማሽን የለም፤ የትኛው ሥራ እንደሚበዛ መወሰን አለብዎ።

በር፣ ጋሪ፣ መከላከያ፣ የፒክአፕ ጭነት ሳጥን የሚበዛ ከሆነ ምርጫው የኤሌክትሮድ ማሽን ነው። ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን የድሮውን ትራንስፎርመር ሳይሆን በአንድ እጅ የሚነሳውን ኢንቨርተር ይግዙ። ትራንስፎርመሩ ዘላቂ ነው፤ ቢበላሽም ተጠቅልሎ ይመለሳል። ነገር ግን ደካማ መስመር ላይ የጎረቤትን አምፖል ያርገበግባል፤ ብዙውን ጊዜ ተለዋዋጭ ኮረንት ስለሚያወጣም በቀጭን ኤሌክትሮድ ለጀማሪ ያስቸግራል። ኢንቨርተሩ ቀጥታ ኮረንት ያወጣል፤ እሳቱ በቀላሉ ይያያዛል፤ በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ላይ ረጋ ብሎ ይሄዳል። በወላይታ ከተሞች ለሚኖር አብዛኛው ባለግቢ ሐቀኛ 160 አምፔር የሚሰጥ ኢንቨርተር ይበቃል።

የመኪና አካል ግን ሌላ ነገር ነው። ልምድ የሌለው ሰው 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ በኤሌክትሮድ ሲነካ ይበሳዋል፤ ቀዳዳውን ለመድፈን ሲሞክር ያሰፋዋል፤ በመጨረሻም ስቱኮ ይለብስበትና ከአንድ ክረምት በኋላ ዝገቱ ከሥር ይወጣል። የባትላሜራ ሥራ ዋና ዓላማዎ ከሆነ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚመግብ ሚግ ማሽን ያስፈልግዎታል። ሚግ በደካማ መስመር ላይም የሚገርም ጥቅም አለው፦ በ80 አምፔር ሲሠራ የሚፈልገው ቮልቴጅ 18 ያህል ስለሆነ ከሶኬቱ የሚወስደው 12 አምፔር ገደማ ነው። ላሜራውን በአንድ ምት ዳር እስከ ዳር አይበይዱት። እየዘለሉ በነጠብጣብ ይያዙት፤ ሲበርድ ክፍተቱን ይሙሉ። አለዚያ ኮፋኖው ይጣመማል።

የሚግ ችግሩ ጋዝ ነው። ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለተራ ብረት ይሠራል፤ ከአርጎን ጋር የተቀላቀለው ደግሞ በቀጭን ላሜራ ላይ ፍንጣሪው ያነሰ ነው። ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት ሲሊንደሩን የሚሞላልዎ ማን እንደሆነ፣ ሲያልቅም የት እንደሚወሰድ ያጣሩ። ሲሊንደር ባለቀ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ የሚጠይቅ ከሆነ ማሽኑ ቆሞ ይከርማል። ጋዝ የማይፈልግ፣ በውስጡ ዱቄት ያለው ሽቦ አለ፤ ነፋስ ባለበት ግቢም ይሠራል። ሆኖም ሙቀቱ ስለሚያይል ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ላሜራ አልመክረውም፤ ገመዶቹንም ገልብጦ ሽቦውን ኔጋቲቭ ላይ ማሰር ይፈልጋል። በተለምዶ አርጎን የሚባለው ቲግ ውብ ሥራ ይሠራል፤ ለጀማሪ ባለግቢ ግን ቀርፋፋና ውድ ነው። የካርባይድ ጋዝ ብየዳን በመኖሪያ ግቢ ጨርሶ አያስቡት። ቤት ሠራሽ የካርባይድ በርሜል ሲፈነዳ ሰው ይገድላል።

አሁን «ስንት አምፔር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትተው ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ሠንጠረዥ ያንብቡ። እዚያ ላይ በመቶኛ የተጻፈው ማሽኑ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ሳያርፍ እንደሚሠራ ይናገራል። 160 አምፔር በ60 በመቶ ማለት 6 ደቂቃ በይዶ 4 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው፤ 200 አምፔር በ20 በመቶ ከሆነ የሚሠራው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማሽን በቁጥር ያንሳል፤ በሥራ ግን ይበልጣል። ይህ መለኪያ የሚወሰደው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ስለሆነ አየሩ በሳሳበት በአረካ የማቀዝቀዣው ፋን ትንሽ ይደክማል፤ ትርፍ አቅም መግዛት አይጎዳም። ሠንጠረዡ የሌለውን ማሽን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይለፉት። ሻጩን አስፈቅደውም እዚያው ሱቁ በር ላይ በተከታታይ አምስት ስድስት ኤሌክትሮድ ያቃጥሉበት።

ኤሌክትሮዱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበልግና በክረምት የወላይታ አየር እርጥብ ስለሆነ ተከፍቶ የተተወ ፓኬት እርጥበት ይጠጣል፤ ያኔ እሳቱ ይንጣጣል፣ ብየዳውም በውስጡ ይቦረቦራል። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ያስቀምጡት። ለጠንካራ ሥራ የሚመረጠው 7018 የተባለው ዓይነት ከረጠበ ከ300 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ መጋገር ስላለበት ለግቢ ሥራ 6013 ይሻላል።

ማሽኑ ቢኖርም የማይነኩ ሥራዎች አሉ። ባሌስትራ አይበየድም፤ ብረቱ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ስለሆነ ብየዳው አጠገብ ተሰባሪ ይሆናል፣ ጭነት ሲበዛበትም ይሰበራል። የመሪ ዘንግ፣ የፍሬን ክፍሎችና የአይሱዙ ሻንሲ ሰው የሚጓዝባቸው ናቸውና ወደ ባለሙያ ይሂዱ። ነዳጅ የነበረበት ታንከር ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካንማ ገመዶች ያሉበትን ማንኛውንም አካባቢ ግቢ ውስጥ አይሞክሩት። በሌላው መኪና ላይ ከመጀመርዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ የማሽኑን ማሳ (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይሰሩ። ከራቀ ኮረንቱ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ያቃጥለዋል።

ሙያውን ለመማር አጠገብዎ ያለው በያጅ ከማንኛውም መጽሐፍ ይሻላል፤ ከዚህም ጽሑፍ ጭምር። በወላይታ ብረት ቀጥቃጮች ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል፤ ዛሬ የየከተማውን በርና ጋሪ የሚሠሩት ወጣቶች ሊከበሩ፣ ለሚያስተምሩትም ሊከፈላቸው ይገባል።

ከማሽኑ ገንዘብ ላይ ለፊት መከላከያ የሚሆነውን መጀመሪያ ይለዩ። መስተዋቱ 10 ወይም 11 ቁጥር ይሁን፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም። የብየዳ ብርሃን ዓይንን ሲያቃጥል ሕመሙ ወዲያው አይታወቅም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይመጣል። በዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ልባሱን ፍቀው ክፍት ቦታ ይሥሩ። ልጆች ደግሞ ብልጭታ ባለበት ይሰበሰባሉ። ከመንገዱ በኩል ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ሸራ ጋርደው ብቻ ኤሌክትሮዱን ይለኩሱ።