ሐይድ፣ ኢስቲሓዷ፣ ሄሞሬጅ፦ የደም ስሞች ምን ይነግሩናል?



የአፍንጫ ደም በአማርኛችን “ነስር” የሚል የራሱ ስም አለው። ከማህፀን የሚፈሰውን ግን ብዙዎቻችን ጠቅልለን “የወር አበባ” እንለዋለን። ሐኪሞችም ዑለማዎችም ግን ይለዩታል፤ ልዩነቱ ሶላትንም ጤናንም ይነካል።

ከሕክምናው እንጀምር። “ሄሞሬጅ” የግሪክ ቃል ነው፤ “ሃይማ” ደም ሲሆን ቀሪው ክፍል መፈንዳትን ያመለክታል። “ሜኖራጂያ” የበዛ የወር አበባ፣ “ሜትሮራጂያ” ደግሞ ከወቅቱ ውጭ የሚመጣ የማህፀን ደም ነው። ቃላቱ እየተምታቱ ስላስቸገሩ ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2011 እ.ኤ.አ. “ያልተለመደ የማህፀን ደም መፍሰስ” በሚል ግልጽ ስያሜ ተክቷቸዋል።

ዐረብኛው ቃላቱን ከውሃ ወስዷል። መድማት “ነዝፍ” ይባላል፤ ሥሩ የጉድጓድን ውሃ ቀድቶ መጨረስ ነው። “ሐይድ” ደግሞ መፍሰስ ነው፤ ዐረቦች ሸለቆው በጎርፍ ሲሞላ በዚሁ ቃል ይገልጹታል። በክረምት ዓባይን ከድልድዩ ላይ ያየ ሰው ምሳሌው ይገባዋል፦ ወቅቱን ጠብቆ ይሞላል፣ ወቅቱን ጠብቆ ይጎድላል። “ኢስቲሓዷ” ከዚያው ሥር ቢወጣም ከወቅቱ ውጭ የሚፈሰው ነው። የወሊዱ ደም “ኒፋስ” ከ“ነፍስ” ጋር ይዛመዳል፤ እኛም “ነፍሰ ጡር” እንላለን።

ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ አልቋረጥ ሲላት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። እርሳቸውም ይህ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አለመሆኑን፣ ሐይዷ ሲያበቃ ታጥባ መስገድ እንዳለባት ነገሯት። ኢስቲሓዷ ያለባት እህት ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፣ ትጾማለችም። ሁሉንም “የወር አበባ” ካልነው ግን ግዴታ የሆነ ሶላት ያመልጣል።

ቁጥሮቹም አንድ አይደሉም። የሐይድ ከፍተኛው ጊዜ በሻፊዒይ መዝሀብ 15፣ በሐነፊይ 10 ቀን ነው። ፌዴሬሽኑ ግን ከ8 ቀን ያለፈውን የረዘመ ይለዋል። ስለዚህ በ9ኛው ቀን ያለች እህት በፊቅህ ገና ሐይድ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ለጤናዋ ግን ሐኪም ሊያያት ይገባል። የበዛ ደም ደም ማነስን ያመጣል፤ ድካምና ማዞር “የፈተና ሰሞን ነው” ተብሎ አይታለፍ።

እህቶቻችን፣ ደሙ የጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን መዝግቡ። መዝገቡን ለኡስታዛችሁ ስታሳዩ የሶላታችሁን፣ ለሐኪም ስታሳዩ የጤናችሁን መልስ ታገኛላችሁ። ለአንዱ መጠየቅ ሌላውን አይተካም። ዲንን ለማወቅ መጠየቅ አያሳፍርም።

ወላሁ አዕለም።