ከሩዝ ማሳ እስከ ሰንጋው ግርግም

ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ ዓባይን ተሻግረን ወደ ወረታ ስናመራ የፎገራን ሜዳ እናገኛለን። ይህ ሜዳ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በጋ የፎገራ ከብቶች የሚሰማሩበት ሰፊ ግጦሽ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ብዙው ሣር ቦታውን ለማሳ ለቀቀ፤ ለከብቱ የቀረለት ገለባ ነው። ለመሆኑ ለፋሲካ ሰንጋ የሚያደልብ ገበሬ ከዚህ ገለባ ምን ያገኛል?

መልሱ ጨጓራ ውስጥ ነው። በሬ ገለባን በራሱ አቅም አይፈጭም፤ የሚፈጩለት በጨጓራው የሚኖሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህ በአግባቡ እንዲሠሩ ከመኖው ደረቅ ክብደት 7 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን መሆን አለበት። የሩዝ ገለባ ግን 4 በመቶ ገደማ ብቻ አለው፤ በዚያም ላይ በሲሊካ የታጠረ ነው። ስለዚህ በገለባ ብቻ የሚቀለብ በሬ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል።

መፍትሔው ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ ነው። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ይሟሟና 100 ኪሎ ገለባ ላይ እየተረጨ፣ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተጠቅጥቆ ለ3 ሳምንት ይታፈናል። በዚህ ጊዜ ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው ሊግኒን ከሌሎቹ የገለባው ክፍሎች ጋር የተቆራኘበትን ሰንሰለት ያላላል፤ ለተሕዋስያኑም ናይትሮጅን ይሆናል። ፕሮቲኑም ወደ 7 እና 8 በመቶ ከፍ ይላል። ጉድጓዱ ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ያወጣል። ጀማሪ ተበላሸ ብሎ ሊደፋው ይችላል፤ ሽታው ግን የሥራው መሳካት ምልክት ነው። ከመመገቡ በፊት ለአንድ ቀን ያህል ይናፈስ። ያልሟሟ ዩሪያ የቀመሰ በሬ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ በዚህ ረገድ መቸኮል አይገባም። ለጥጆችና ለጋማ ከብትም አይሰጥም። ሰንጋው በእርግጥ እንዲደልብ ደግሞ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ሊታከልለት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭስ መኖ አይሆንም ወይ የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላ። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 7.5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። የእምቦጭ 93 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ እንግዲህ በሬው በእርሱ ብቻ ልጥገብ ቢል በቀን ከ100 ኪሎ በላይ መብላት ሊኖርበት ነው። ጠውልጎና ደርቆ ከገለባ ጋር ቢቀላቀል ይጠቅማል፤ ሆኖም ከተበከለ ውኃ ከባድ ብረቶችን የሚመጥ ተክል በመሆኑ ከከተማ ፍሳሽ አጠገብ የታጨደውን መመገብ አይመከርም።

የዩሪያ ዋጋ ለከበደበት ገበሬ ሌላ መንገድ አለ። ፎገራ ላይ ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ ይዘራል። የጓያው ገለባ ከሩዙ የበለጠ ፕሮቲን ስላለው፣ ሁለቱ ተቀላቅለው በግርግም ቢቀርቡ ጉድጓድም ላስቲክም አያሻም።