የሚጣበቀው ሩዝ

ላኦሶች የሚጣበቀውን ሩዝ በእጅ ነው የሚበሉት። ክዳን ካለው ትንሽ የቀርከሃ መሶብ ቆንጥረው ያድቦለቡሉትና ማባያ እያጠቀሱ ይጎርሱታል። ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድም እንዲሁ ነው። ሩዙ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድርና በእንፋሎት ይበስላል፤ እንደ ሌላው ሩዝ ቢቀቀል ይላቁጣል።

ስለሚጣበቅ ብቻ ግሉተን ያለበት የሚመስላቸው አሉ። የለበትም፤ ግሉተን የስንዴና የገብስ ነገር ነው። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ስታርች ነው። የሩዝ ስታርች ሁለት ዓይነት ነው፦ እንደ ክር የተዘረጋው አሚሎስና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣው አሚሎፔክቲን። አሚሎስ የበዛበት ሩዝ ሲበስል ፍሬ በፍሬ ይለያያል። ተጣባቂው ሩዝ ግን አሚሎስ የለውም ማለት ይቻላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ማጣበቂያ የጨመረበት የለም፣ ያጣበቀው ጉድለቱ ነው።

ጉድለቱ የሚገኘው 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። እዚያ ያለው ዋክሲ የተባለ ጂን አሚሎስ የሚሠራውን ኢንዛይም ያዛል። በአብዛኞቹ ተጣባቂ ዝርያዎች ከጂኑ ውስጥ 23 ፊደላት ሁለት ጊዜ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትእዛዝ ይዛባና ኢንዛይሙ ሳይሠራ ይቀራል።

በክሮሞዞም ቁጥር ተራውና ተጣባቂው ሩዝ አይለያዩም። የሁለቱም ቅጠልና ሥር በየሕዋሱ 24 ክሮሞዞም አለው፣ 12 ከእናት፣ 12 ከአባት። የምንበላው ነጩ የፍሬ ክፍል ግን ለብቻው ነው። አበባው ሲዳቀል ከእናት ወገን ሁለት፣ ከአባት ወገን አንድ ኒውክለስ ተዋሕደው ይፈጥሩታልና 36 ክሮሞዞም ይይዛል። ስለዚህ ዋክሲ ጂን በውስጡ ሦስት ቅጂ አለው፤ አሚሎስ ለመሥራት ደግሞ አንድ ጤነኛ ቅጂ ይበቃል። ሩዝ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ቢሆንም፣ ከጎረቤት ማሳ የተራ ሩዝ ብናኝ ነፍሶ ተጣባቂው ላይ ካረፈ፣ የዚያው ዓመት ፍሬ መጣበቁን ይተዋል። ገበሬው ሲፈትገው በዓይኑ ይለየዋል፤ ተጣባቂው ሲደርቅ እንደ ኖራ ድፍን ነጭ ሲሆን፣ እንግዳው ብርሃን ያሳልፋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የአዮዲን ጠብታ ይበቃል። ተራው ፍሬ ጥቁር ሰማያዊ፣ ተጣባቂው ቀይ ቡናማ ይሆናል። ከሁለቱ የተዳቀለ ተክል ብናኝ በአዮዲን ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ደግሞ ደስ ይላል። እያንዳንዱ ብናኝ የሚይዘው 12 ክሮሞዞም፣ የዋክሲ ጂንም አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቀልቶ ይታያል።