የእርግዝና ማቅለሽለሽ፦ መንስኤውና ማስታገሻው

ከነፍሰ ጡር ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቅለሸልሻቸዋል ወይም ያስመልሳቸዋል። ሕመሙ ጠዋት ላይ ይታወቅ እንጂ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በ6ኛው ሳምንት ግድም ይጀምርና በ9ኛው አካባቢ ይበረታል፤ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይተዋል።

ለረጅም ዘመን መንስኤው ኤች.ሲ.ጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን እንደሆነ ይገመት ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ጂ.ዲ.ኤፍ 15 የተባለውን ሆርሞን ዋነኛ ተጠርጣሪ አድርጎታል። ይህ ሆርሞን በማንኛውም ሰው ደም ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ በእርግዝና ጊዜ ግን የእንግዴ ልጁ በብዛት ያመነጨውና በአንጎል ግንድ በኩል ማቅለሽለሽን ይቀሰቅሳል። ከመፀነሷ በፊት መጠኑ በደሟ ዝቅ ያለ ሴት ለድንገተኛው ጭማሪ ሰውነቷ እንግዳ ስለሚሆን ይበልጥ ትታመማለች። ቤታ ታላሲሚያ የተባለው የደም ሕመም ያለባቸው ሴቶች በአንጻሩ ሆርሞኑ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ስለሆነ እምብዛም አያቅለሸልሻቸውም።

ባዶ ሆድ ሕመሙን ያባብሰዋል። ከአልጋ ሳይነሱ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት መቅመስ፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት ይረዳል። ውሃም ከምግብ ጋር በብዛት ከሚጠጣ በመሃል በመሃሉ ፉት ቢባል ይሻላል። የሚቁላላ ሽንኩርትና የሚቆላ ቡና ሽታ የሚረብሻት ሴት ወጡን ሌላ ሰው ቢሠራላት እፎይ ትላለች፤ የቀዘቀዘ ምግብም ከትኩሱ ያነሰ ይሸታል። ዝንጅብል ብዙዎችን ያስታግሳል። ማቅለሽለሹን ያባሰው የአይረን ኪኒን ከሆነ፣ በራስ ውሳኔ ከማቋረጥ ይልቅ የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም ዓይነቱን ስለመቀየር የጤና ባለሙያን ማማከር ይገባል።

ይህ ካልበቃ ሐኪም ቫይታሚን ቢ6ን ለብቻው ወይም ዶክሲላሚን ከተባለው መድኃኒት ጋር ሊያዝ ይችላል። ያለ ትእዛዝ መድኃኒት መውሰድ ግን አደገኛ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለማቅለሽለሽ ጭምር ይሰጥ በነበረው ታሊዶማይድ ሳቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል።

ከነፍሰ ጡሮች ጥቂቶቹን ሃይፐረሜሲስ ግራቪዳረም የተባለው ጽኑ ማስመለስ ይይዛቸዋል። ነፍሰ ጡሯ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ እንኳ ካልረጋላት፣ ሽንቷ ከጠቆረ ወይም ካነሰ፣ ስትነሳ ካዞራት፣ ክብደቷ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ ወይም ደም ካስመለሳት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከታከለበት መንስኤው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሆስፒታል የጎደለው ፈሳሽ በደም ሥር ይተካል። ለቀናት ምግብ ላልረጋላት ሴት ደግሞ ከግሉኮስ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣታል፤ ያለዚያ ግሉኮሱ የተረፈውን ቫይታሚን አሟጦ አንጎሏን ሊጎዳ ይችላል።