ፎቶግራፍና ፊልም የገደል አሞሮችን ለመጠበቅ ስለሚሰጡት ጥቅም
(በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ)

በሰቆጣ ዙሪያ ባለው ደጋና ወደ ተከዜ በሚወርደው ገደል ላይ የሚያንዣብቡት ታላላቅ ወፎች በአገሩ ሰው ዘንድ ብዙውን ጊዜ በአንድ ስም አሞራ ወይም ጥንብ አንሣ ይባላሉ። በመልካቸውና በአኗኗራቸው ግን የተለያዩ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ከዓለም ሊጠፉ የተቃረቡ ይገኛሉ። በገደል ላይ በማኅበር የሚኖረው የሩፔል አሞራ፥ ጀርባው ነጭ የሆነው አሞራ፥ ራሱ ነጭ የሆነው አሞራ፥ እንደዚሁም በየከተማው ቄራ ዙሪያ የሚታየው ትንሹ አሞራ፥ እነዚህ አራቱ በ2015 ዓ.ም. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አንድ የወረዳ ሹም «በወረዳው አሞራ አለ» ብሎ ቢጽፍ ገና ብዙ አልተናገረም። የትኛው አሞራ እንደ ሆነ፥ ቍጥሩ ስንት እንደ ሆነ፥ ጫጩት የሚያሳድግ ወይም የማያሳድግ እንደ ሆነ የሚመሰክር ነገር ያስፈልጋል። ይህንንም ምስክር በጥቂት ወጪ፥ ወፉንም ሳይነኩ ለማግኘት የሚቻለው በፎቶግራፍና በፊልም ነው።

በቀድሞ ዘመን የወፍ መልክ በወረቀት ላይ የሚወጣው ወፉ ከተገደለ በኋላ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲሄድ፥ በሊማሊሞ አናት ላይ አሽከሮቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ሲበሉ አንድ ታላቅ አሞራ ወርዶ ከመካከላቸው ሥጋውን ነጥቆ ሄደ፤ ዳግመኛ በተመለሰም ጊዜ ብሩስ በጠመንጃ ገደለው። ክንፉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካው 8 ጫማ ከ4 ኢንች ሆነ። በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም «ንስር ወርቅ» ብሎ ሥዕሉን አወጣው። ወፉ ግን ንስር አልነበረም፤ ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም የሚወርድለት፥ አጥንት የሚበላው ጢማሙ አሞራ ነው። ከእርሱ በኋላ በ1830ዎቹ ዓመታት የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔልም የወፎቹን ቆዳ እየሰበሰበ ወደ ፍራንክፈርት ወስዷል፤ ከላይ የተነገረው የገደል አሞራ በስሙ የተጠራው ስለዚህ ነው። በ1926 እና በ1927 ዓ.ም. ከሺካጎ የፊልድ ሙዚየም የተላከው ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን፥ ከሠዓሊው ከሉዊስ አጋሲዝ ፉኤርቴስ ጋር አልፍሬድ ቤይሊ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረበት። ይህም ጓድ ቢሆን ወፎችን መግደሉ አልቀረም፤ ሆኖም ካሜራ ከጠመንጃ ጋር አብሮ መጓዝ የጀመረበት ዘመን ነበር። ዛሬ ጠመንጃው ቀርቶ ካሜራው ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ጢማሙ አሞራ ግልገል ይነጥቃል፥ ሕፃንም ሳይቀር ይወስዳል የሚል ክስ በአውሮፓ ተራሮችም ይሰማ ነበር። በዚህ ክስ ምክንያት በአልፕስ ተራሮች ሲታደን ኖሮ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፈጽሞ ጠፋ። በኋላ የወፉ ምግብ ይልቁንም አጥንት መሆኑ በሚገባ ስለ ታወቀ፥ በ1986 ዓ.ም. በኦስትሪያ ጫጩቶችን አሳድጎ መልቀቅ ተጀመረ። ሊቃውንቱም ከእያንዳንዱ ጫጩት አንዳንድ ላባ በመድኃኒት እያነጡ ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ እረኛውም መንገደኛውም በሩቅ ያነሣው ፎቶግራፍ በላባው ምልክት የትኛው ወፍ እንደ ሆነና ከየት እንደ ተነሣ ያስታውቃል። ሰው ሁሉ ቆጣሪ ሆነ ማለት ነው።

በዋግ ኽምራ እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ ነገር ግን ተፈጥሮ ራሷ የሰጠችው ምልክት አለ። የጢማሙ አሞራ ጫጩት ራሱም አካሉም ጠቆር ያለ ነው፤ 5 ዓመት ያህል ከሆነው በኋላ ግን ራሱ ይነጣል፥ ደረቱና ሆዱም የዛገ ብረት ይመስላል። ይህ ቀለም አብሮት የተወለደ አይደለም፤ ብረት ካለበት ቀይ አፈርና ውሃ ውስጥ እየታጠበ የሚቀባው ነው። ስለዚህ በአንድ ገደል ዙሪያ በየዓመቱ የተነሡት ፎቶግራፎች ሁሉ ቀይ ደረት ያላቸውን ብቻ የሚያሳዩ ቢሆኑ፥ ወፎቹ አሉ ተብሎ ደስ መሰኘት አይገባም፤ አሮጌዎቹ ቀርተው ጫጩት ጠፍቷል ማለት ሊሆን ይችላልና። ይህን በዓይን ብቻ አይቶ ከዓመት ዓመት ማስታወስ ለማንም አይቻልም።

ፎቶግራፉ እንዲህ ያለ ጥቅም የሚሰጠው በሥርዓት የተነሣ እንደ ሆነ ነው። አሞሮቹ የሚያድሩበት ገደል በኩሳቸው ነጥቶ ከሩቅ ስለሚታይ፥ ከገደሉ ማዶ አንድ ቦታ ይመረጣል፤ በዚያም ድንጋይ ተክሎ በየዓመቱ ከዚያው ድንጋይ አጠገብ ማንሣት ነው። ማለዳ ፀሐይ ሳትሞቅ፥ አሞሮቹ ነፋስ ሳያነሣቸው በፊት ቢሆን ሁሉም በገደሉ ላይ ሳሉ ለመቍጠር ይመቻል። በበረራ የሚነሣ እንደ ሆነ የክንፉ ሥርና ጅራቱ መታየት አለባቸው። የጢማሙ አሞራ ጅራት እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነው፤ የሩፔል አሞራ ጅራት አጭር ሲሆን፥ የሸመገለው ላባ ጫፍ ጫፉ እየነጣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የቦታው ስምና የቀበሌው ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለመዝገብ አይሆንም።

ካሜራ ራሱ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜም አለ። ጢማሙ አሞራ በኢትዮጵያ የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ እንቁላሉን 55 ቀን ያህል ይታቀፋል፥ ጫጩቱም ለመብረር 4 ወር ያህል ይፈጅበታል፤ ከአንድ ጎጆም የሚያድገው ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ወራት አንድ ሰው ጥሩ መልክ አነሣለሁ ብሎ ወደ ጎጆው ቢጠጋና እናቲቱን ቢያስበረግጋት፥ እንቁላሉ በደጋው ብርድ ይሞታል፥ ወይም ቁራ ይወስደዋል። ድሮን የሚባለውን በራሪ ካሜራ ወደ ገደሉ መላክም እንደዚሁ መከልከል ይገባዋል። ገደሉ በይዞታው አጠገብ የሚገኝ ባለ መሬት ለፊልም አንሺዎች መንገድ ከማሳየቱ በፊት፥ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ከክልሉ መሥሪያ ቤት የተሰጣቸውን ደብዳቤ ቢጠይቅ መብቱም ግዴታውም ነው። የጎጆውን ቦታ ለሕዝብ በሚታይ ሥዕል ላይ መግለጥ አይገባም።

ፊልም ከፎቶግራፍ የሚበልጥበት ነገር ሥራን ማሳየቱ ነው። ጢማሙ አሞራ አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ በድንጋይ ላይ ሲጥለው፥ ሲሰበርም ወርዶ ሲውጠው ያየ ገበሬ ስለ ግልገሉ የነበረው ጥርጣሬ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ፊልም በትምህርት ቤትና በገበሬ ስብሰባ ሲታይ፥ ንግግሩ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጣኛም ቢሆን ይመረጣል፤ የእረኛ ልጅ በእናቱ ቋንቋ የሰማውን አይረሳምና።

ከሁሉ የሚከፋው የመርዝ ነገር ነው። ለጅብ ወይም ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ተብሎ የተመረዘ ሥጋ በተጣለበት ቦታ አሞሮች በአንድ ቀን በብዛት ሊያልቁ ይችላሉ። በሕንድ አገር ደግሞ መርዝ ያልጣለ ሰው አሞሮቹን ጨርሷቸዋል። ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ነበርና፥ የሞተውን ከብት የበሉት አሞሮች ኩላሊታቸው እየተበላሸ አለቁ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት ዓይነት አሞሮች ከ100 እጅ 95 እጅ በላይ ጠፉ። ምክንያቱ በ2004 ዓ.ም. የተገለጠው የሞቱት አሞሮች አካል ተመርምሮ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ሕንድ፥ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። በከብት ሐኪም ቤት የሚሸጠውን መድኃኒት የሚቈጣጠር ሹም ይህን ስም ማወቅ አለበት።

ከዚህም እንደሚታየው ፎቶግራፍ አሞራው መሞቱን ይናገራል እንጂ የገደለውን ነገር አይናገርም። ስለዚህ የሞቱ አሞሮች ሲገኙ አስቀድሞ ሬሳው በወደቀበት፥ በአጠገቡ ያለው ሥጋም ጭምር፥ በእጅ ስልክም ቢሆን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቍጥራቸውም ይጻፋል። ሬሳውን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ መርዙ ሰውንም ይጐዳልና። የእንስሳት ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ውሻና ከብት እንዳይጠጉ ዘበኛ ይቁም፤ ለምርመራ የሚሆነው ከተወሰደ በኋላ የቀረው በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ፎቶግራፉ ከደብዳቤው ጋር ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በዚያው ቀን ይላክ።