አንግን የወደደ ሰው ኮራን ለመቀበል ለምን ተቸገረ?

«አቫታር» ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚታወሰው ጄምስ ካሜሮን የሠራው፣ ሰማያዊ ፍጡራን ያሉበት ፊልም ነው። ይህ ነገር የሌላኛውን አቫታር አፍቃሪዎች ሁሌም ያበሽቃቸዋል። የእነሱ አቫታር የካርቱን ተከታታይ ነው። ከካሜሮን ፊልም አራት ዓመት ከምናምን ቀድሞ፣ በፌብሩዋሪ 2005 በአሜሪካው የልጆች ቴሌቪዥን ኒኬሎዲዮን ጀመረ፤ በጁላይ 2008 በ61ኛው ክፍል አለቀ። ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ሆኖ ያየው ሰው ዛሬ ሠላሳን አልፏል፤ ምናልባትም አጠገቡ አስቀምጦ የሚያሳየው ልጅ አለው። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ ታዲያ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ተከታዩንስ ላሳየው፣ ወይስ እዚህ ላይ ይብቃው?

ታሪኩን ላላዩት፦ ዓለም በአራት ሕዝቦች የተከፈለች ናት፤ ውሃ፣ መሬት፣ እሳትና አየር። ከየሕዝቡ አንዳንድ ሰዎች የሕዝባቸውን ነገር በእጅና በእግር እንቅስቃሴ ማዘዝ ይችላሉ። አራቱንም የሚያዝ ግን በየዘመኑ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አቫታር ይባላል፤ ሲሞት በሌላው ሕዝብ ውስጥ እንደገና ይወለዳል። አንግ የተባለው የ12 ዓመት ልጅ አቫታር መሆኑን ሲነግሩት ፈርቶ ይሸሻል፤ በረዶ ውስጥ ተቀብሮም መቶ ዓመት ይቆያል። ካታራና ሶካ የሚባሉ እህትና ወንድም ሲያገኙት የእሳት ሕዝብ የአንግን ወገኖች አንድ ሳያስቀር ጨርሷቸዋል። ለልጆች ፊልም ከባድ አጀማመር ነው።

ብዙዎች የሚያስታውሱት ግን ዙኮን ነው። ዙኮ አባቱ ፊቱን በእሳት አቃጥሎ ከአገር ያባረረው ልዑል ነው። ጥፋቱ ምን ነበር? በጦር ስብሰባ ላይ አዲስ ወታደሮችን አውቆ ለሞት መላክ ልክ አይደለም ብሎ መናገሩ። አቫታሩን ይዞ ካልመጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። አብሮት የሚንከራተተው አጎቱ አይሮ ነው፤ ሻይ የሚወድ፣ ቀልደኛ፣ አንድ ልጁን በጦርነት ያጣ ሽማግሌ። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ዙኮ ይህን አጎቱን ይከዳዋል። በሦስተኛው ተጸጽቶ ይቅርታ ሊለምን ሲመጣ፣ አይሮ ንግግሩን እንኳ አላስጨረሰውም፤ ጎትቶ አቀፈው። ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ትልልቅ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አይሮን በድምፁ የተጫወተው፣ ጃፓን የተወለደው ተዋናይ ማኮ በጁላይ 2006 አረፈ። ሽማግሌው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ለሞተ ልጁ የሚያዜምበት ክፍል ለማኮ መታሰቢያ ሆነ።

ሐቀኛ አፍቃሪ ግን በመጨረሻው ላይ ትንሽ ያጉረመርማል። አንግ የእሳቱን ገዢ መግደል አይፈልግም፤ ያሳደጉት መነኮሳት ነፍስ እንዳያጠፋ አስተምረውታል። የሚወዱት ሁሉ፣ ከእሱ በፊት የነበሩት አቫታሮች ጭምር፣ ሌላ መንገድ የለህም ይሉታል። ከዚያ ከአንድ ግዙፍ ጥንታዊ ፍጡር ባገኘው ዘዴ የሰውዬውን ኃይል ብቻ ነጥቆ በሕይወት ይተወዋል። ዘዴው ግን ከየት መጣ? እስከዚያ ድረስ በወጉ ያልተነገረ ነገር መጨረሻ ላይ ከሰማይ ዱብ አለ። የመጀመሪያው ተከታታይ እንከን የለውም የሚል ሰው በደንብ አላየውም ማለት ነው።

በ2010 በኤም ናይት ሽያማላን የተሠራውን የተዋንያን ፊልም አፍቃሪዎቹ ባያነሱት ይመርጣሉ። የአንግን ስም እንኳ በትክክል ያልጠራ ፊልም ነው፤ የዓመቱን የመጥፎ ፊልም «ሽልማት» ራዚን መውሰዱም ማንንም አልገረመም።

እውነተኛው ክርክር የሚጀምረው በ2012 ነው። ያኔ ሁለቱ ፈጣሪዎች፣ ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒዬትዝኮ፣ የኮራን ታሪክ ይዘው መጡ። ለአማርኛ ተናጋሪ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ ልጅቷም እንደ ስሟ የኮራች ናት። አንግ ኃላፊነቱን ሲሸሽ ኮራ ገና በሕፃንነቷ ውሃ፣ መሬትና እሳት እያዘዘች ቤቱን ታተራምሳለች። ጊዜው ከአንግ ሰባ ዓመት በኋላ ነው፤ መኪና፣ ሬዲዮ፣ ፎቅ መጥቷል። በየአገሩ መዞሩ ቀርቶ ታሪኩ በአብዛኛው በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ይካሄዳል። የመጀመሪያው ቅሬታ ይኸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ኮራ ኃይሏን ታጣና በደቂቃዎች ውስጥ ይመለስላታል። ለዚህ ምክንያት አለው። ሥራው ሲታዘዝ 12 ክፍል ብቻ ያለው አንድ ምዕራፍ ነበር፤ ቀጣይ እንደሚኖር ስላልታወቀ በሩን መዝጋት ነበረባቸው። ምክንያቱን ማወቅ ግን ትዕይንቱን የተሻለ አያደርገውም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከሁሉም ደካማው ነው ቢባል የሚከራከር ብዙ የለም። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው አቫታር ዋን እንዴት እንደተገኘ የሚተርኩት፣ በብሩሽ የተሳሉ የሚመስሉት ሁለት ውብ ክፍሎች ያሉትም እዚያው ውስጥ ነው። በዚሁ ምዕራፍ ላይ ኮራ ከቀድሞዎቹ አቫታሮች ሁሉ ጋር ያላት ግንኙነት ለዘለቄታው ይቆረጣል። አንግ በጭንቅ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ አባቶቹን ይጠይቅ ነበር፤ ከኮራ በኋላ የሚመጣ አቫታር ግን ከእሷ ወዲያ የሚጠይቀው የለውም። አንግን አብሮት ላደገ ተመልካች ይህ መርዶ ነበር። አንግን እንደገና የማግኘት ዕድሉም አብሮ ሄደ።

ሌላም አለ። አንግ ካታራን አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል። ሁለቱ ትልልቆቹ፣ ቡሚና ካያ፣ አባታቸው ወደ ጥንት ቤተ መቅደሶች ሲጓዝ የሚወስደው አየር ማዘዝ የቻለውን ቴንዚንን ብቻ እንደነበር ያማርራሉ። ብዙ አፍቃሪዎች «የእኛ አንግ እንዲህ አያደርግም» ብለው ተቆጡ። ግን ነገሩ እውነት ይመስላል። ከሕዝቡ ብቻውን የተረፈ ሰው ባህሉን የሚያወርሰውን ልጅ ሲያገኝ ዓይኑ እሱ ላይ ቢተከል፣ ሌሎቹ ደግሞ እንግዳ ሆነው ቢያድጉ፣ ይህ በብዙ ቤት ያለ ነው። ተከታዩ ከዋናው የበለጠ ደፋር የሆነበት ቦታ ካለ፣ እዚህ ነው።

ኮራን የበደላት ደግሞ ታሪኩ ብቻ አልነበረም። በ2014 ሦስተኛው ምዕራፍ መሀል ላይ ሳለ ጣቢያው ከቴሌቪዥን አንስቶ ወደ ኢንተርኔት አዞረው። ለአራተኛው በጀት ተቆረጠ፤ ፈጣሪዎቹም ሠራተኛ ላለማሰናበት ሲሉ አንዱን ክፍል ከድሮ ትዕይንቶች ቀጣጥለው አወጡ። ብዙ አፍቃሪዎች እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ከዋናው ጋር የሚያስተካክሏቸው መሆኑ ነው የሚያስቆጨው። በሦስተኛው መጨረሻ ጠላቶቿ ሰውነቷ ውስጥ መርዝ ይጨምሩባታል። ታሸንፋለች፤ የምናያት ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ አንገቷን ደፍታ ነው። አራተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ አሁንም አልዳነችም፤ ከራሷ ጥላ ጋር እየተደባደበች ከቤተሰቧ ተደብቃለች። በ17 ዓመቱ ይህንን «አሰልቺ» ብሎ የዘለለ ሰው፣ በሠላሳ ዓመቱ ተመልሶ ሲያየው ዝም ይላል።

ኔትፍሊክስ በፌብሩዋሪ 2024 ስምንት ክፍል ያለው የተዋንያን ተከታታይ አወጣ፤ ሁለቱ ፈጣሪዎች ግን በሥራው አካሄድ ባለመስማማት ቀደም ብለው ለቀው ነበር። ልብሱና ከተማው ያምራል፤ ዕረፍት ያጣ ሕፃን ልጅ ቀልዱ ግን ቀንሷል።

አሁን ደግሞ በ20ኛው ዓመት፣ በፌብሩዋሪ 2025፣ ሁለቱ ፈጣሪዎች አዲስ ካርቱን እየሠሩ መሆኑ ተነገረ፤ «ሰባቱ መጠለያዎች» እንደማለት ነው፣ 26 ክፍል። ዓለም በአንድ ታላቅ ጥፋት ከወደመች በኋላ የተወለደች፣ መንትያ እህት ያላት የመሬት ሕዝብ ልጅ አቫታር ትሆናለች፤ ሰዉ ግን አቫታርን እንደ አዳኝ ሳይሆን እንደ አጥፊ ያያል። ይህች አቫታር የምትመጣው ከኮራ በኋላ ነው። አንግ ላይ ይብቃው ብሎ የወሰነው አባትም መጀመሪያ 52ቱን የኮራ ክፍሎች ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ሊኖርበት ነው፤ ደካማውን ሁለተኛ ምዕራፍ ጨምሮ።