ቀይ ሽፍታ ሁሉ «ምች» አይደለም

በገጠር አንድ ሰው ገላው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ሲወጣበት «ምች መታው» ይባልና ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀባል። ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ምስጋናውን ዳማ ከሴው ይወስዳል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሽፍታዎች መካከል ቀበሌውን በሙሉ የሚያዳርስ፣ አልፎም ሕይወት የሚቀጥፍ ስላለ የማኅበር መሪዎች ለይተው ሊያውቁት ይገባል።

ቀላሉ የቁንጫና የትኋን ንክሻ ነው። ቁንጫ በብዛት እግርና ቁርጭምጭሚትን ሲነክስ፣ ትኋን ደግሞ ሌሊት ተገልጦ ያደረውን ገላ ይነክሳል። መኝታን ፀሐይ ላይ ማስጣትና ቤትን አዘውትሮ መጥረግ ብዙውን ያቃልላል።

እከክ ግን በዚህ አይመለስም። በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ሰርስራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ሽፍታው በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በመቀነት ዙሪያ ይወጣል፤ ማሳከኩ የሚብሰው ሌሊት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ምልክቱ የሚታይበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ሳያውቀው አብረውት ለሚተኙት ያስተላልፋል። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል በተካሄደ ምርመራ፣ ከታዩት ከ1,100,000 በላይ ሰዎች ወደ 380,000 የሚጠጉት እከክ ተገኝቶባቸዋል። ውኃ ሲጠፋና ብዙ ሰው በአንድ ቁርበት ሲተኛ በሽታው ይበረታል።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጸመው በሕክምናው ላይ ነው። የሚያሳክከው ልጅ ብቻ ቅባት ተቀብቶ ሌላው ቤተሰብ ከተተወ፣ ልጁ በወሩ እንደገና ይያዛል። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ጤነኛ የሚመስለውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ልብስና አንሶላም በዚያው ዕለት በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቀኑን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተመካክሮ መቁረጥና አባወራዎችን ማስተባበር የማኅበሩ መሪ ድርሻ ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል «አልሠራም» ብሎ መደጋገም አይገባም። ለሰብል ወይም ለከብት የተገዛ የተባይ መርዝ ገላን መቀባት ደግሞ ሰው ይገድላል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘ ሰው ይህን አጥብቆ ይጠብቅ።

ኩፍኝ በሌላ መንገድ ይመጣል። ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ይቀድሙና ሽፍታው ከፊት ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ፣ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ስለሚተላለፍ፣ ልጁ ከትምህርት ቤትና ከገበያ መራቅ አለበት። የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል።

የማያሳክክ፣ ሲነኩትም የማይሰማ ቀላ ያለ ወይም የነጣ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከታከመ ይድናል።

ከሁሉ አስቸኳዩ ትኩሳት ባለበት ሰው ላይ የወጣና በጥርት ያለ ብርጭቆ ሲጫኑት የማይደበዝዝ ነጠብጣብ ነው። ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነውና ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ መዳፍንና የውስጥ እግርን ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሊደርስ ስለሚገባ፣ ቃሬዛና ተሸካሚ አስቀድሞ ይመደብ።